ክርን ላይ ለተንጠለጠሉት ክቡር ሄልሜት

ለክቡር ሄልሜት
የሞተረኛው ክርን ላይ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ወደ ተመደቡበት የሥራ ቦታ እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ የተቀጠሩት ለጭንቅላት ነበር። በየትኛው ደብዳቤ ወደ ክርን እንደተዛወሩ ግን አልተገለጸልንም።

ማክሰኞ መገናኛ ተገናኝተን ነበር። ከወረዳ መውጣቴ ነው። ሲስተም የለም፣ ኃላፊዋ ስብሰባ ናት፣ ከምሳ በኋላ ነይ... መቼም ታውቁታላችሁ። እንደ ምንም ያቺን ክብ ማህተም አስመትቼ፣ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ እፍ እያልኩ በእግረኛ መንገድ እሄዳለሁ። በእግረኛ መንገድ ነው ያልኩት! ከጀርባዬ ክላክስ ጮኸ። ዘልዬ ግድግዳ ላይ ተለጠፍኩ። ወረቀቴ ጭቃ ውስጥ ገባ። ጌታዎ በፊት ጎማ ሄዱበት፣ እንዳይቀርበት በኋላውም ደገሙት። ከዚያ ዞር ብለው «ማዘር፣ ንቂ እንጂ!» አሉኝ። ማዘር! ገና አላገባሁም እኮ። ሊስትሮዎቹ ሳቁ። እርስዎ ሆድዎ ውስጥ በፌስታል ሎሚ ይዘው ክርኑ ላይ ይወዛወዙ ነበር።

አደባባዩ ጋ ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ሎሚው ጃኬት ውስጥ ገባ፣ እርስዎም ወዲያው ወደ ራስ እድገት አገኙ። ማሰሪያዎ ሳይታሰር። ትራፊኩ እንደታለፈ ተመልሰው ክርን።

ወረዳ ተመለስኩ። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ ማህተሙ ላይ የታተመውን የጎማ ጥርስ አየችና «የተበላሸ ሰነድ አንቀበልም፣ እንደ አዲስ አመልክቺ» አለችኝ። ወረፋው በሩን አልፎ ደረጃው ላይ ደርሷል።

አምና ማርሚታው ባቴን የጠበሰኝን ትቼዋለሁ።

አንተ ልጅ ግን፣ ትራፊኩ ቢበዛ ይቀጣሃል እንጂ አይገጭህም። የሚገጭህ ፍሬን የበጠሰ ሲኖትራክ ነው፤ እሱ ደግሞ ሄልሜትህን አድርግ ብሎ ፊሽካ አይነፋልህም። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገሙ ተመራማሪዎች ሄልሜት ያደረገ ሞተረኛ የመሞት ዕድሉ በ42 በመቶ፣ ጭንቅላቱ የመጎዳት ዕድሉ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ጽፈዋል። ላደረገ ነው፣ ላንጠለጠለ አይደለም። ያልታሰረ ከሆነ ደግሞ አስፋልቱን ሳትነካ ጥሎህ ይሄዳል። ከኋላህ የምትጭናት ልጅስ? ሎሚ የምትይዝበት አለህ፣ እሷ ራስ ላይ የምታደርገው የለህም! እናትህ ድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ፣ «ሲቲ ስካን ውጭ አሠሩ» ተብላ ወረቀት ይዛ ብር ስትለምን አስበሃት ታውቃለህ?

ክቡር ሄልሜት፣ ይቅርታ፣ ከርዕሰ ጉዳዩ ወጣሁ። በአስቸኳይ ወደ መደበኛ ሥራዎ እንዲመለሱ በትህትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለማሰሪያው (ለሙከራም ቢሆን አንዴ እንዲታሰር)
ለእግረኛ መንገድ (ካለ)