ኤክስ ካርድን የነካ ተጫዋች ምክንያት አይጠየቅም
በባሕር ዳር የሚና ጨዋታ (ተጫዋቾች ገጸ ባሕርያትን ሆነው አብረው ታሪክ የሚፈጥሩበት ጨዋታ) ተጫዋቾች ዘንድ «ኤክስ ካርድን ነክቶ ምክንያቱን የማያስረዳ ሰው ጨዋታ ያበላሻል» የሚለው አባባል እየተደጋገመ ስለሆነ፣ ይህን እርማት በአክብሮት አቀርባለሁ። ኤክስ ካርድ በታሪኩ ውስጥ የማይመች ነገር ሲመጣ እንዲነካ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ የX ምልክት ያለበት ካርድ ነው። የካርዱ ፈጣሪ ጆን ስታቭሮፑሎስ ባዘጋጀው መመሪያ መሠረት፣ የጨዋታው መሪን ጨምሮ ማንም ሰው ካርዱን ሲነካ ወይም ከፍ ሲያደርግ ያ የታሪኩ ክፍል ተቀይሮ ጨዋታው ይቀጥላል፤ የነካው ሰው ግን ለምን እንደነካ የማስረዳት ግዴታ የለበትም።

በእኛ ጠረጴዛ ካርዱ ከቡና ስኒው አጠገብ የሚቀመጥ ቁራጭ ካርቶን ነው። በጣና ላይ ታንኳ ሲሰጥም በሚተረክበት ቦታ አንዱ ጣቱን ቢያሳርፍበት፣ መሪው ታንኳዋን በሰላም ዘጌ አድርሶ ዳይሱን ለተረኛው አቀበለ። ወንድሙን ሐይቅ የወሰደበት ሰው ሐዘኑን በሰው ፊት እንዲያብራራ ከተገደደ፣ (እኔም ብሆን) ካርዱን ከመንካት ይልቅ ዝም ብሎ መቀመጥን ይመርጣል። የተጠራጠረ በነፃ የሚገኘውን መመሪያ ከፍቶ፣ ከጨዋታው በፊት ለተጫዋቾች እንዲነበብ የተዘጋጀውን አጭር መግቢያ ይመልከት።