ሶፍት ኮፒው አለኝ

ዘንድሮ ተማሪን «አጥንተሃል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው «ሶፍት ኮፒው አለህ?» ሆኗል። ልጁም ኮራ ብሎ «አለኝ» ይላል። አለቀ። ከፍቶ ማንበብማ ሌላ ሙያ ነው።

የሰፈራችንን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስልክ ብታዩት ቤተ መጻሕፍት ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው መጽሐፍ በሙሉ ገብቷል። የመምህሩ መምሪያ ሳይቀር አለ (ለምን እንደፈለገው እሱም አያውቅም)። ያው የፊዚክስ ፒዲኤፍ በሦስት ግሩፕ ስለመጣ ሦስት ጊዜ ተቀምጧል። ስልኩ ሞልቶ «ቦታ የለኝም» ሲለው ልጁ ምኑን ያጠፋል? ሒሳቡን። ዘፈኑንማ እንዴት ብሎ!

እናቱ ግራ ገብቷታል።

«ትምህርቱ በነፃ ነው አላልከኝም? ታዲያ በየሳምንቱ ጥቅል ግዢልኝ የምትለኝ ምንድነው?»

«እማዬ፣ ነፃው ትምህርቱ ነው፤ መንገዱ ይከፈልበታል።»

ከተገዛው ጥቅል ግማሹን ቲክቶክ ይበላዋል። የቀረው የሚያልቀው «ስንት ሜጋ ቀረኝ?» ሲባል ነው።

በነፃ የሚማሩበት ዕቃ ጠፍቶ ቢሆን አይቆጭም ነበር። ሳልማን ካን የሚባለው ሰውዬ እ.ኤ.አ. በ2004 አንዲት ዘመዱን በርቀት ሒሳብ ማስጠናት ጀመረ። ነገሩ አድጎ አድጎ ካን አካዳሚ ሆነ፤ ማንም ሳይከፍል ይማርበታል። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ፌት (PhET) የሚባለውን ስክሪን ላይ የሚሠራ የሳይንስ ሙከራ ጀመረ። ቤተ ሙከራ የሌለው ልጅ ባትሪና አምፖል ስክሪን ላይ ያገጣጥማል። ሽቦውን አሳስቶ ቢያገናኝ ባትሪው እዚያው ስክሪኑ ላይ በእሳት ይያያዛል። ወላጅ አምጣ የሚለው የለም። ኮሊብሪ የሚባለው የመማሪያ ሶፍትዌርማ ጥቅልም አይፈልግም፤ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ክፍሉ ሁሉ ያለ ኢንተርኔት ይጠቀምበታል።

እኛ በ1990ዎቹ መጨረሻ የደረሰብን ፕላዝማ ነው፤ ክፍል ውስጥ በቴሌቪዥን የሚሰጥ ትምህርት። የፕላዝማው መምህር ይጠይቃል። ገና እስክሪብቶ ስናነሳ «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ያልፋል። ማን እንደመለሰለት እስከዛሬ አልታወቀም። ማስቆም አይቻልም፤ መመለስ አይቻልም። የክፍሉ መምህርም ከኛ እኩል አንጋጦ ያያል። ያሁኑ ልጅ ቪዲዮውን እንዳሻው ያቆመዋል። አቁሞት ይተኛል።

መምህራኑም በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤት በኮሮና ሲዘጋ ቴሌግራም ለመዱ። እንዲያው ለመዱ ከምል ገቡበት ብል ይሻላል። ቲቸር ሌሊት ሲለፋ አምሽቶ ኖት ይለጥፋል። ልብና ጭብጨባ ይዘንባል። ቀጥሎ «እስቲ ጥያቄ ቁጥር 2ን ማን ይሠራዋል?» ይላል። ሁሉም አይቶታል። ማንም ትንፍሽ አይልም። ከስንት ዝምታ በኋላ አንዱ ብቅ ብሎ «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይገባል?»

የፈተናው ዋዜማ ሌሊት ግን ግሩፑ ገበያ ይሆናል።

«የባዮሎጂ መጽሐፍ ያለው በናታችሁ!»

«ከላይ አለ።»

«ከላይ የት?»

«ሰርች አድርገው አቦ።»

አድሚኑ አዝኖ እንደገና ይልከዋል። ከአፍታ በኋላ ልጁ ይመለሳል።

«ዳውንሎድ ሳደርግ ጥቅሌ አለቀ፤ ይሄን በጓደኛዬ ስልክ ነው የምጽፈው። ዋና ዋናውን ብቻ በድምፅ ላኩልኝ።»