ኦሃይን ካኤና ላይ አይቼዋለሁ

ስለ ሃዋይ ብርቅዬ ቁጥቋጦ፣ ስለ ኦሃይ የጻፋችሁትን ሳነብ ዝም ማለት አቃተኝ። ባለፈው ዓመት ኦዋሁ ደሴት ምዕራብ ጫፍ፣ ካኤና ላይ አይቼዋለሁ። መንገዱ በእግር ነው፣ ፀሐዩ ደግሞ አይጣል! ውሃ በደንብ ያዙ። እዚያ ኦሃይ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ባሕሩ ዳር አሸዋው ላይ ተዘርግቶ ነው የሚያድገው፣ ቅጠሉ ብርማ ፀጉር ለብሷል፣ ከመሃሉ ቀይ ብርቱካናማ አበባ ብቅ ብቅ ሲል አጎንብሼ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። አገራችን ለከብት መኖ የምትተከለው ሰስባኒያ ዘመዱ ናት እኮ! የእሷ አበባ ግን ቢጫ ነው። ኦሃይ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ዕፅዋት ጋር ተመዝግቧል። ካኤና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው አጥር አይጥና ድመት እንዳይገቡ ስለሚከለክል ደስ ብሎኛል። የምትሄዱ ሰዎች፣ እባካችሁ ከመንገዱ አትውጡ፤ ቅርንጫፉ መሬት ላይ ስለተኛ ሳታዩት ትረግጡታላችሁ።