እጅ እንነሣለን

ባለፈው ወር ከዱባይ የመጣው የእህቴ ልጅ አንድ ጥንድ ጓንት ይዞልኝ መጣ። ጥቁር ጨርቅ ነው፤ በእጁ ጀርባ በኩል ከአንጓ ተነሥቶ ወደ ጣቶች የሚያመለክት ብርማ ቀስት ተሰፍቶበታል። ቀን ቀን ግራጫ እራፊ የተጣፈበት ይመስላል። ማታ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ግን ቦግ ይላል። ብስክሌተኞች በጨለማ ሲታጠፉ ከኋላቸው ያለው ሰው እጃቸውን እንዲያይ የተሠራ ነው። «አጎቴ፣ ብስክሌት እንደሌለዎት አውቃለሁ፤ አምሮኝ ነው የገዛሁት» አለኝ፤ እንደማፈር ብሎ። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ልጁ ሳያውቀው ለአዲስ አበባ ሾፌር የሚገባውን ካባ ነው ይዞ የመጣው።

ለዚህ ሾፌር ምስጋና የተነፈገበት ዘመን ላይ ነን። ጋዜጣው ይወቅሰዋል፣ ሬዲዮው ይገሥጸዋል፣ ተሳፋሪው ይረግመዋል። ጥፋቱ ምንድን ነው ሲባል፣ ፍሬቻ አያሳይም ነው። እስቲ ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ታርጋ፣ ቦሎ፣ ፍሬቻ፤ እነዚህን ሁሉ ቃላት የወሰድነው ከጣልያን ነው። ፍሬቻ በአገሩ ቋንቋ ፍላጻ ማለት ነው። ጎማውን ተቀበልን፤ ያለ እርሱ መሄድ አይቻልም። ታርጋውንም ተቀበልን፤ ያለ እርሱ ያስቀጣል። ፍላጻውን ግን ሾፌራችን እስከ ዛሬ አሻፈረኝ ብሏል። አምስት ዓመት በዱር በገደል የተዋጉ አባቶች ልጅ ከመሪ ሥር ላለች አንዲት ቀጭን ዘንግ እጅ አይሰጥም።

ደግሞስ ጨዋ ሰው መቼ ነው ያሰበውን ሁሉ አደባባይ የሚያወጣው? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ተብሎ ያደገን ሰው፣ ወዴት እንደምትታጠፍ ለማታውቀው ሰው፣ ያውም ከኋላህ ለሚከተልህ ሰው፣ በብልጭታ ተናገር ማለት አስተዳደጉን መንካት ነው። በሥራው የቆየ ሾፌር ብትጠይቁት ምክንያቱን ይነግራችኋል። ወደ ግራው መስመር ልትገባ መሆኑን ካሳወቅህ፣ እዚያ መስመር ላይ ያለው ሰው ነዳጁን ረግጦ ክፍተቱን ይዘጋብሃል። ስለዚህ አስቀድመህ አትናገርም። የመኪናዋን አፍንጫ ታስገባለህ፤ ከገባህ በኋላ እጅህን አውጥተህ ታመሰግናለህ። ፈቃዱን ሳይጠየቅ የተመሰገነ ሰው ምን ማድረግ ይችላል? ያመሰገነን መሳደብ ነውር ነው። ፍሬኑን ይይዛል፣ ምስጋናውን ይቀበላል።

አገሪቱ ራሷ ብትሆን በመታጠፍ ጉዳይ ብዙ አትናገርም። በ1956 ዓ.ም. መኪኖቻችን ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኙ እንዲዛወሩ ሲደረግ አስቀድሞ ለሕዝብ ተነግሮ ነበር። በታሪካችን ማስጠንቀቂያ የተሰጠበት ትልቁ መታጠፍ እርሱ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ሁሉም በየራሱ ይታጠፋል።

የውጭው ዓለም ታሪክ ግን ያሳዝናል። መጀመሪያ እርሱም እንደ እኛ በእጁ ነበር የሚናገረው። ግራ ክንድ ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ ወደ ግራ፣ ከክርኑ ወደ ላይ ሲታጠፍ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ሲታጠፍ ልቆም ነው። ከዚያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1914 ፍሎረንስ ሎውረንስ የተባለች የድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይት፣ አዝራር ሲጫኑ ከመኪናው ኋላ ብድግ የሚል ምልክት ሠራች። ተዋናይት ናትና፣ አፍን ሳይከፍቱ መናገርን ታውቅበታለች። ቀጥሎ ከበሩ ጎን እንደ ክንፍ ብቅ የምትል፣ በውስጧ መብራት ያለባት ትንሽ ክንድ መጣች፤ ለአውሮፓ ገበያ የሚሠሩት ቮልሶች እስከ 1960 ድረስ በዚህች ክንድ ይታጠፉ ነበር። በ1939 ደግሞ ቢዩክ ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት መኪናው ላይ ገጥሞ ለገበያ አወጣ። ስንት ገንዘብ፣ ስንት መሐንዲስ! እጅን በክንድ፣ ክንድን በመብራት ሲተኩ ኖሩ። ሾፌራችን ይህን ሁሉ ጉዞ ባለበት ሆኖ ጠበቀው። መብራቱ ተገጥሞለት በመጣ መኪና ውስጥ ተደላድሎ ተቀመጠ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገና እጁን አወጣ። ለዚህ እጅ፣ እጅ መንሣት ይበዛበታል?

እጅ ከመብራት የሚበልጠው በምሥጢሩ ጥልቀት ነው። ፍሬቻ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግራ ካለ ግራ ነው። ከመስኮት የወጣ እጅ ግን አንድምታ አለው፤ ከኋላ ያለው ሰው እንደ መጻሕፍት መምህር አመሥጥሮ ሊተረጉመው ይገባል። አንድም ወደ ግራ ልታጠፍ ነው ማለቱ ነው። አንድም ሰው ላወርድ ነውና እለፈኝ ማለቱ ነው። አንድም እንዳታልፈኝ ማለቱ ነው። አንድም የሲጋራውን ዐመድ እያራገፈ ነው። አንድም የሙዝ ልጣጭ ሊጥል ነው፤ ይህኛውን ለማረጋገጥ ጥቂት መታገሥ ነው፣ ልጣጩ ራሱ ይመጣል። አንድም ማዶ የቆመ ወዳጁን አይቶ ሰላም እያለ ነው። አንድም ሙቀት ነው። ትክክለኛው ትርጓሜ የሚታወቀው ሁለቱም መኪኖች ከተጋጩ በኋላ ነው፤ ሾፌሮቹ ወርደው፣ መንገዱን ዘግተው፣ «እጄን አሳይቼሃለሁ እኮ!» ሲባል።

ፍሬቻን ጨርሰው የተዉም አይምሰላችሁ። አራቱንም አብርቶ አደባባይ የሚገባ አለ፤ ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው ማለቱ ነው። ግራና ቀኝ ሲደመሩ ቀጥታ ይወጣቸዋል፤ ሒሳቡ እንከን የለውም። ከከተማ ወጣ ሲባል ደግሞ ሌላ ሰዋስው ይጀምራል። ዳገት ላይ የሚያቃስተው የጭነት መኪና ቀኝ ፍሬቻውን ካበራ፣ ፊት ለፊት መንገዱ ነጻ ነው፣ እለፈኝ ነው። ግራውን ካበራ፣ የሚመጣ አለ፣ ቆይ ነው። አልፎ አልፎ ግን ግራውን ያበራው በእውነት ወደ ግራ ሊታጠፍ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይጠረጥራል?

ወደ ከተማችን እንመለስ። ሚኒባስ ታክሲ ላይ ነገሩ ወደ ጥበብ ያድጋል። በግራ በኩል የሾፌሩ እጅ፣ በቀኝ በኩል ከተንሸራታቹ በር እስከ ወገቡ የወጣው ረዳት። ሁለት ሕያው ፍሬቻ፤ አምፑል አይቃጠልባቸው፣ ፊውዝ አይበላባቸው። የቀኙ እንዲያውም ድምፅ አለው፤ ጣራውን በመዳፉ እየደበደበ «ያዝ! ያዝ!» ይላል፣ ወራጁ አንድ እግሩን መሬት ሲያስነካ «ሳበው!» ይላል።

ችግሩ አንድ ብቻ ነው። ይመሻል።

አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ያ ሁሉ ምሥጢር በጨለማ ይዋጣል። እጁ ይወጣል፣ ይዘረጋል፣ ይለምናል፣ ያመሰግናል፤ የሚያየው የለም። አንዳንዱ ብልህ የሞባይሉን ባትሪ አብርቶ ከመስኮት ውጭ ያውለበልባል። በዚያች ቅጽበት ግራ እጁ ከሞባይሉ ጋር ውጭ ነው፣ ቀኝ እጁ ማርሽ ላይ ነው፤ መሪውን ማን እንደያዘው የሚያውቁት ከስፖኪዮው ላይ የተሰቀሉት ቅዱሳን ብቻ ናቸው።

የጓንቱ ነገር የታየኝ ለዚህ ነው። ብርማው ጨርቅ የራሱ ብርሃን የለውም። ላዩ ላይ ከአሸዋ ያነሱ የመስታወት ዶቃዎች ተደርድረውበታል፤ እያንዳንዷ ዶቃ የመጣላትን ብርሃን ወደ መጣበት ትመልሰዋለች። መብራቱን ያበራው ሰው ከመብራቱ ኋላ ተቀምጧልና ለእርሱ ቦግ ብሎ ይታየዋል። ላላበራ ሰው ጓንቱም አይበራም። እዚህ ላይ ነው የሌሎቹ ሾፌሮቻችን ትብብር የሚያሰጋኝ። ባትሪ እንዳይደክም ብሎ መብራቱን አጥፍቶ የሚነዳ ቆጣቢ አለን። ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ዲናሞው ባትሪውን እንደሚሞላው ስትነግሩት «ለማንኛውም» ይላል። በተቃራኒው ረጅሙን መብራት ለቅቆ የሚመጣ ለጋስ አለን፤ ለእርሱ ጓንቱ እንደ ጠዋት ፀሐይ ይወጣለታል፣ እኛ ሌሎቻችን ግን በዚያ ሰዓት ዓይናችንን ጨፍነናል።

ቀስቱም አንዲት ጠባይ አለችው። የሚያመለክተው ወደ ጣቶች ነው። ክንድህን ወደ ግራ ስትዘረጋ ግራ ያሳያል፤ ግሩም ነው። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ክንድህን ወደ ላይ ስታቆም ግን ሰማይ ያሳያል፤ ለመቆም ስታወርደው ደግሞ መሬት። ሁለቱም ማታ ማታ ከእኛ መንገድ የሚደረስባቸው ስፍራዎች ስለሆኑ ቀስቱ ዋሸ አልልም።

አንጸባራቂ ነገር ብርቅ ሆኖብን አይደለም። በየመኪናው ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ምልክት ሊኖር ይገባል፤ አለም። የጎረቤቴ እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ ነው፤ የቦሎ ምርመራ ሲደርስ ሰፈሩ በየተራ ይዋሰዋል፣ ከእሳት ማጥፊያው ጋር። መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ የሚወጣው ግን እርሱ አይደለም፤ ቅጠል ነው። ካገኙት ዛፍ ቅርንጫፍ ይሰበርና ከኋላ ይሰካል፤ ፈንጠር ብሎ አምስት ስድስት ድንጋይ ይደረደራል። መኪናው ተጠግኖ ይሄዳል፤ ድንጋዮቹ ለመታሰቢያ ይቀራሉ። ማታ የሚመጣው ሰው በጎማው ያነባቸዋል። ንጋት ላይ አስፋልቱን የሚጠርጉት እናቶች ብቻ አንጸባራቂ ሰደርያቸውን ሳያወልቁ ይሠራሉ፤ በዚያ መንገድ ላይ ወዴት እንደሚሄዱ በግልጽ የሚታወቀውም እነርሱ ናቸው።

እናም ማክሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ የግራውን ጓንት ኪሴ ከትቼ፣ ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ የሚሄድ ሚኒባስ ጋቢና ገባሁ። ሾፌሩ አርባን የተሻገረ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። በፍሬቻው ዘንግ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል፤ በፌስታሉ ውስጥ ሁለት ዳቦ አለ።

«ወንድሜ፣ ፍሬቻው አይሠራም እንዴ?» አልኩት።

«ይሠራል እንጂ!» አለ ቅር ብሎት። «ቦሎ ያለፈ መኪና ነው።»

«ታዲያ ለምን አታበራውም?»

ፌስታሉን አየ፤ እኔን አየ። «ዳቦው ይወድቃል፣ ጋሼ።»

ከዚህ በላይ አልተከራከርኩም። ጓንቱን አውጥቼ ሰጠሁት፤ ስለ ዶቃዎቹ፣ ስለ ቀስቱ አስረዳሁት። ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች አንገታቸውን አሰገጉ። አጠለቀው፤ ልኩ ሆነ። ሣር ቤት ላይ ወደ ግራው መስመር ሊገባ እጁን አወጣ። ቀስቱ ቦግ ሳይል አልቀረም፤ ከኋላችን ይመጣ የነበረው መኪና፣ በዕድሜዬ አይቼ የማላውቀውን ነገር፣ ቀዝቀዝ ብሎ ቦታ ለቀቀልን። ረዳቱ አጨበጨበ። ሾፌሩ ግን ደንግጦ በስፖኪዮው ያየዋል።

«ምን ሆኖ ነው? የማውቀው ሰው ይሆን እንዴ?»

«የቀኙስ የት አለ?» አለኝ ረዳቱ ከበሩ ላይ። ቤት እንዳለ ነገርኩት። «ታዲያ እኔ በምን ልታይ፣ ጋሼ?» አለ፤ ጀሞ እስክንደርስም አላናገረኝም። ስወርድ ሒሳብ ልከፍል ብል ሾፌሩ «ተከፍሏል» አለኝ። ጓንት ያጠለቀውን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ሐሙስ ማታ ያካፋ ነበር። ሣር ቤት ዳር ጃንጥላ ይዤ ታክሲ ስጠብቅ ያው ሚኒባስ መጣ። ከሩቅ ያወቅኩት በጓንቱ ነው። በፊተኛው መስታወት ውስጥ፣ ከስፖኪዮው ላይ፣ ከቅዱሳኑ ጎን ተሰቅሎ ይወዛወዛል። የታሰረው በአንጓው በኩል ነው፤ ጣቶቹ ወደ ታች፣ ቀስቱ ወደ መሬት። ማሠልጠኛ ቤት ባስተማሩን ሦስት ምልክቶች መሠረት እቆማለሁ ማለት ነው። ጃንጥላዬን አጠፍኩ፣ ዝርዝር ብር አዘጋጀሁ፣ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ተጠጋሁ። ሾፌሩም አወቀኝ። ግራ እጁ፣ ባዶው፣ በወዲያኛው መስኮት ወጥቶ ለሌላ ሰው አንድ ነገር ይናገራል፤ ቀኙን አንሥቶ ለእኔ ሞቅ ያለ ሰላምታ ሰጠኝና አለፈ።