እቁቡን በልታችሁ መክፈል ላቆማችሁ

የአገሬ ሰዎች፣ ጠፍቶ የሄደውን ሰውዬ አትጥሩብኝ። ጉዳዬ ከቀራችሁት ጋር ነው።

ነገሩ የሆነው አዲስ አበባ፣ አንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ነው። ሃያ ሰው በየእሑዱ 500 ብር ይጥላል፤ እጣ የወጣለት 10,000 ብር ይበላል። እንደ ወጉ የመጀመሪያው እጣ እቁቡን የሚመራው የዳኛው ሆነ። በሦስተኛው እሑድ እጣው ለአንድ ጎልማሳ ወጣ። ዋስ አምጣ ሲባል ባለፈው ሳምንት የበላውን የእህቱን ባል አቆመ። “ያው የራሳችን ሰው ነው” ተባለና ታለፈ፤ የተጻፈም የተፈረመም ነገር የለም። እስከ ስምንተኛው እሑድ ከፈለና ቤቱን ለቆ ጠፋ። ዋሱም “እኔ የፈረምኩት ነገር የለም” አለ።

እስቲ እናስላው። ሰውዬው ጥሎት የሄደው የ12 ሳምንት እዳ፣ 6,000 ብር ነው። ሌላው ሁሉ መክፈሉን ቢቀጥል ኖሮ፣ ተራ ያልደረሳቸው 12 ሰዎች በ10,000 ፈንታ 9,500 ይበሉ ነበር። ያማል እንጂ አይገድልም።

እናንተስ? በዘጠነኛው እሑድ ከበላችሁት አራታችሁ “መጀመሪያ እሱ ይያዝ” ብላችሁ መክፈል አቆማችሁ። የተሰበሰበው 7,500 ሆነ። በአሥረኛው የቀራችሁት ሦስታችሁ፣ ዳኛው ጭምር፣ “እነሱ ካልከፈሉ እኛ ሞኝ ነን እንዴ?” አላችሁ፤ 6,000 ወረደ። በሳምንቱ ዳኛው ደብተሩን አጥፎ እቁቡ ፈርሷል አለ። አሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው 5,000 ብር ጥለው ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ከዚያ 50,000 ውስጥ ጠፊው የያዘው 6,000 ብቻ ነው። 40,500 ብሩ በሰባታችሁ ቤት ነው ያለው! የተረፈውን ጎድሎባቸው የበሉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዎች ወስደውታል፤ እነሱን ተዉአቸው።

ከአሥሩ አንዷ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታስረክብ እናት ናት። የምጣዷ ሪዚስታንስ ተቆርጦ ሁለቴ ተቀጥሏል። የተቀጠለበት ቦታ ከሌላው አብልጦ ይግላል፤ እንጀራው እዚያ ላይ ያርራል፣ ዳር ዳሩ ደግሞ ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ምግብ ቤቱ እየመረጠ ይመልስባታል፤ የተመለሰውን ልጆቿ ይበሉታል፣ የጤፉ ዱቤ ግን ይቆጥራል። በእጣዋ ምጣድ ልትቀይር፣ ጤፉንም በኪሎ ከመግዛት ልትወጣ ነበር። መጥታ ስትጠይቃችሁ “እግዜር ይስጥሽ” አላችኋት። በእግዜር ታሳብባላችሁ?

ይህ የአንድ ግቢ ነውር ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። በየሰፈሩ እንዲህ እየሆነ፣ “እቁብ ድሮ ቀረ” እንላለን። ዋሱ እጣ ያልበላ ሰው ይሁን የሚባለው እኮ በከንቱ አይደለም፤ ዋስ የቆመለት ሰው ቢክድ ከዋሱ እጣ ይቀነሳል። የበላ ዋስ ምኑ ይያዛል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ በቁጥር 1922 ደግሞ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። አንድ ወረቀት፣ የብሩ ልክ፣ ፊርማና ሁለት ምስክር ነው። ይህን መጠየቅ ጎረቤትን መጠራጠር መስሎ ታየን፤ ይሉኝታችን የደሃዋን ገንዘብ በላው። ክፍያውንም በቴሌብር አድርጉት፣ ቢያንስ መልእክቱ ማስረጃ ሆኖ ይቀራል።

ለሰባታችሁ አንድ ነገር ልበል። እያንዳንዳችሁ በሳምንት 300 ብር ብትመልሱ በሃያ ሳምንት ያልቃል፤ እቁቡ ሊፈጅ የነበረውን ጊዜ ያህል ማለት ነው። ለደብተሩ ሌላ ሰው ምረጡ፤ መጀመሪያ ለእንጀራ ጋጋሪዋ ስጡ። ሁላችሁም ትመልሳላችሁ ብዬ አልጠብቅም፣ ያንን ተስፋ ከቆረጥኩ ቆየሁ። ሁለት ሰው ከጀመረ ግን ሦስተኛው ያፍር ይሆናል። እሑድ ቡና ላይ አንሱት።