ገላጋይ ጭንብል አይለብስም

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሲያትል ስለ ሰፈር ጸጥታ ለመነጋገር ሐበሾች ተሰብስበን ነበር። አንዱ ማይኩን ይዞ እንዲህ አለ፦ «ፖሊስ ብንጠራው አይመጣም። የሚያዋጣን እንደ ፊኒክስ ጆንስ ያለ ሰው ነው። ወጣቶቻችንን እናደራጅ፤ ጭንብል አልብሰን ዓርብና ቅዳሜ ማታ ክለቦቹ አካባቢ እናሰማራቸው።» ፊኒክስ ጆንስ ማለት እዚሁ ሲያትል እንደ ሱፐርሄሮ ለብሶ፣ ጭንብል አጥልቆ፣ ወንጀል እከላከላለሁ እያለ በሌሊት ይዞር የነበረ ሰው ነው። አዳራሹ አጨበጨበ። እናቶች ሳይቀሩ አጨበጨቡ! እኔ ደሜ ፈላ። ዕድል ሳይደርሰኝ ስብሰባው ተበተነ፤ ስለዚህ ያኔ ልናገር የነበረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ካነሣቸው ምክንያቶች ሁሉ ይበልጥ ያናደደኝ «ልብሱ ብቻውን ወንጀለኛን ያስፈራል» ያለው ነው። ማንን ነው የሚያስፈራው? ፊኒክስ ጆንስ እኮ እንደ ሱፐርሄሮ ለብሶ ሲዞር ነው በ2011 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ አፍንጫውን የሰበሩት። እሱ ደግሞ እንደ እኔና እንደ እናንተ አይደለም፤ ተምሮ በውድድር የሚጋጠም ተፋላሚ ነበር። እሱን ያልፈራ ጠበኛ የኛን የ19 ዓመት ልጅ በምን ሒሳብ ይፈራዋል?

እኔ ዘጠኝ ዓመት የሌሊት ታክሲ ነድቻለሁ። ቤልታውንን፣ ፓዮኒር ስኩዌርን፣ ካፒቶል ሂልን ከቀን ይልቅ በሌሊት ነው የማውቃቸው። በዋሽንግተን ስቴት የመጠጥ ሽያጭ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይቆማል። ስለዚህ ሁሉም በአንዴ ይወጣል። ታክሲ አይበቃም። ጃኬቱን የረሳ አለ፣ ጓደኛው የጠፋችበት አለ፣ ጫማ እግሯን አቁስሏት አስፋልት ጠርዝ ላይ የተቀመጠች አለች። አንዱ ጓደኛውን ይገፈትራል፤ ተጣሉ ስትል ደግሞ ተቃቅፈው ይዘፍናሉ። ሃያ ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ጠብና ጨዋታን መለየት ከባድ ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ግን እኔ ስሳሳት እጄ ላይ ዓይን የሚያቃጥል ስፕሬይ አልነበረም።

ፊኒክስ ጆንስ እጅ ላይ ነበር። በ2011 ኦክቶበር፣ ከክለብ በወጡ ሰዎች መሃል ሮጦ ገባና ፔፐር ስፕሬይ ረጨባቸው። ጠብ እያበረድኩ ነው አለ። ሰዎቹ ለፖሊስ የተናገሩት ግን እየጨፈሩ እየተጫወቱ እንደነበር ነው። አብሮት የነበረው ሰው የቀረጸውን ቪዲዮ ያያችሁት ታስታውሳላችሁ፤ አንዲት ሴት ጫማዋን ይዛ ትቀጠቅጠዋለች። በኋላ ክስ አልተመሠረተበትም፣ እሺ። የከተማዋ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ፒት ሆምስ ግን በጣም የተሳሳተ ሰው እንደሆነ ነው የተናገሩት። እኔ የማስበው ያቺን ሴት ነው። ልትዝናና ወጣች። ፊቱን የሸፈነ ሰው ከጨለማው ሮጦ መጣና የሚያቃጥል ነገር ረጨ። ማን እንደሆነ አታውቅም፣ ማንን እንደምትከስ አታውቅም። ያላት ጫማዋ ነው።

«ያን ጊዜ ጥሩም ሠርቷል» የሚለኝ አለ። መኪና ሊሰብር የነበረ ሌባ አባሯል ተብሏል፤ ይሁን። ይህን አንድ የሚጮህ አላፊ አግዳሚም ያደርገዋል።

እኛ ለዚህ ሥራ ቃል አለን እኮ። ገላጋይ ይባላል። አገር ቤት ሁለት ሰው ሲያያዝ «ኧረ ገላግሉ!» ይባላል እንጂ ጀግና ጥሩ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ገላጋይ ባዶ እጁን ይገባል። አንዱን ከኋላ አቅፎ ይይዘዋል፣ ሌላውን «በናትህ፣ ተው፣ ለኔ ስትል» ይለዋል። አንዳንዴ በመሃል ቡጢውን እሱ ይቀምሳል፤ ቀምሶም አይመልስም፤ ከመለሰ ጠበኞቹ ሦስት ሆኑ ማለት ነው። ዋናው ነገር ደግሞ «ለኔ ስትል» የምትለዋ ናት። ለኔ ስትል ለማለት «እኔ» የሚባል ሰው መኖር አለበት። ፊቱ የሚታይ፣ ነገ ሱቅ ውስጥ የሚገናኙት፣ የሚያፍሩት ሰው። ጭንብል ያጠለቀ ሰው «ለኔ ስትል» ቢል ለማን ሲባል ነው? ማን ያፍረዋል? ሰካራም የሚበርደው እኮ ሰው ፊት ሲያይ ነው።

ጠቡ ከበረደ የገላጋይ ሥራ አለቀ፤ ማን አሸነፈ ብሎ አይጠይቅም። ጀግና ለመባል የወጣ ሰው ግን ጠላት ያስፈልገዋል። መንገዱ ላይ ያለው ደግሞ ጠላት ሳይሆን የሰከረ የሰው ልጅ ነው። በ2012 የወጣውን ሁለተኛውን ቪዲዮ አስታውሱ። ፊኒክስ ጆንስ መንገድ ላይ ካገኘው ሰው ጋር ተስማምተው ሲደባደቡ፣ ፖሊሶች ቆመው ያያሉ። በሲያትል ሕግ ሁለት ሰዎች ፈቅደው ሲጋጠሙ የግድ ወንጀል አይሆንም። ሕጉ ቢፈቅድም ለእኔ አሳፋሪ ነው። ጠብ ሊያበርድ የወጣ ሰው በምን ምክንያት ተጋጣሚ ይሆናል? ሠልጥኖ ያልሠለጠነን መምታት ማንን ከምን አዳነ?

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፓዮኒር ስኩዌር አካባቢ ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ዕድሜው ወደ ስልሳ የሚጠጋ ሐበሻ ነበር። ጋሼ እለው ነበር። አንድ ሌሊት ሁለት ግዙፍ ወጣቶች ግንባር ለግንባር ገጥመው፣ የአንዱ ሸሚዝ ተቀዶ፣ ሊፈነካከቱ ነው። ጋሼ ብርቱካናማ ሰደርያውን እንደለበሰ ቀስ ብሎ መሃላቸው ገባና «የመኪናችሁ ቁልፍ የት አለ?» አላቸው። ሁለቱም ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ። አንደኛው ቁልፉን አጣው። ሌላው ስልኩን አብርቶ መሬት ለመሬት ያፈላልገው ገባ! ከዚያ ጋሼ ወደ እኔ ጠቅሶ «እነዚህ አይነዱም፣ ውሰዳቸው» አለኝ። ወሰድኳቸው። በማግስቱ እንዴት አሰብከው ስለው «ሰካራም እጁ ሥራ ካገኘ ጠብ ይረሳል» አለኝ። ደረቱ ላይ ስሙ ተጽፎ ነበር። የእኔም ፈቃድ ከነፎቶው ተሳፋሪው ፊት ተሰቅሏል። የጥበቃ ሠራተኛም ከስቴቱ ፈቃድ አውጥቶ ነው የሚቆመው። ሌሊት የሚሠራ ሁሉ በስሙ ይጠየቃል። ሱፐርሄሮው ብቻ ለምን ይሸፈናል?

አሁን ወደ ልጆቻችን ልምጣ፤ ጭብጨባውን ስሰማ ሆዴን ያባባው ይህ ነው። የኛ ልጅ ጥቁር ነው። ጥቁር ወጣት በሌሊት ፊቱን ሸፍኖ፣ በእጁ የሆነ ነገር ይዞ ወደ ሰው ሲሮጥ፣ ከሩቅ የሚያየው ፖሊስ ወይም ሽጉጥ የታጠቀ መንገደኛ ምን ይመስለዋል? መታወቂያ ጠይቆ፣ ጉዳዩን አጣርቶ ነው ጣቱን የሚያንቀሳቅሰው? ያጨበጨባችሁ እናቶች፣ ይህን አስባችሁ ነው ያጨበጨባችሁት?

ፖሊስ ይዘገያል፤ አልክድም። ከ2020 ወዲህ ሲያትል በመቶዎች የሚቆጠሩ ፖሊሶች ለቀውባታል። ግን የ2011ዱ ሌሊት ፖሊስ መጥቷል፤ የታሰረው ፊኒክስ ጆንስ ነው። እንደ እሱ ለብሰው አብረውት የሚዞሩትን የራሱን ቡድንም በ2014 በትኖታል። በትኖ የሄደውን ነገር እኛ ከየት አንሥተን ነው የምናስቀጥለው?

ነገሩ ከልብ ካሳሰበን የመዝጊያ ሰዓቱን እናንሣ። ከንቲባ የነበሩት ማይክ ማክጊን ባሮች በተለያየ ሰዓት እንዲዘጉ፣ ሰውም በአንዴ እንዳይፈስ ሞክረው ነበር፤ የስቴቱ የመጠጥ ቁጥጥር ቦርድ አልተቀበለም። ስብሰባው ላይ ይህን ያነሣ አንድ ሰው አልነበረም።

መዞርም ካስፈለገ የእንግሊዞቹን ስትሪት ፓስተርስ እንይ። በ2003 ለንደን ውስጥ የተጀመረ የክርስቲያን በጎ ፈቃደኞች ሥራ ነው። ሠልጥነው፣ ማንነታቸው ዩኒፎርማቸው ላይ ተጽፎ፣ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ክለቦቹ አካባቢ ይዞራሉ። የሚይዙት ውሃ፣ ከረሜላና ነጠላ ጫማ ነው። ነጠላ ጫማው ተረከዙ ረጅም ጫማ አቁስሏት በባዶ እግሯ ጠርሙስ ስብርባሪ ላይ ለምትሄድ ሴት ነው። እዚህ ጫማዋን አንሥታ ስትቀጠቅጥ ያየናት ሴት እዚያ ብትሆን ጫማ ትቀበል ነበር።

ተናጋሪው ወንድሜ ይህን የሚመስል ነገር ካዘጋጀ፣ ፊት ሳይሸፈን፣ ስም ደረት ላይ ተጽፎ፣ ከሆነ እኔን ይመዝግበኝ። ዓርብ ማታ ሥራ የለኝም። ነጠላ ጫማውንም እኔ እገዛለሁ።