ዳርያ የማን ናት?

ጀርመን ውስጥ ብርዱ ከገባ ቅዳሜና እሁድ ከባያትሎን ማምለጥ የለም። ቴሌቪዥኑ ከሰዓቱን ሙሉ እሱን ያሳያል። አበሻ ጓደኞቼ "ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ስፖርት ነው?" ብለው ይስቃሉ። እኔ ግን ተለክፌያለሁ።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ቢያንስ 3.5 ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ አንግተህ በበረዶ ላይ በስኪ ትሮጣለህ። ከዚያ ልብህ እየደለቀ ቆም ብለህ 50 ሜትር ላይ ያሉ አምስት ኢላማዎችን መምታት አለብህ። ተኝተህ ስትተኩስ የምትመታው ክብ ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከሳትክ እንደ ውድድሩ ዓይነት ወይ 150 ሜትር የቅጣት ዙር ትዞራለህ፣ ወይ አንድ ደቂቃ ይጨመርብሃል። ሯጭ ብቻ መሆን አያዋጣም። ተኳሽ ብቻ መሆንም እንደዚያው።

የለከፈችኝ ዳርያ ዶምራቼቫ ናት። የቤላሩስ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1986 ሚንስክ ተወለደች፤ ገና ሕፃን ሳለች ግን ወላጆቿ ይዘዋት ሳይቤሪያ፣ ኒያጋን የምትባል ከተማ ገቡ። ስኪ የተማረችው እዚያ ነው። ጠመንጃ ያነገተችውም እዚያው። በልጅነቷ የሮጠችው ለሩሲያ ነበር። በ2004 ወደ ቤላሩስ ዞረች።

እንግዲህ ሩሲያ በባያትሎን እኛ በ10 ሺህ ሜትር እንደሆንነው ናት። ተራ የሚጠብቀው አትሌት ሰልፉ አያልቅም። በኦሊምፒክ አትሌቲክስ ከአንድ ሀገር በአንድ ርቀት ከሦስት ሰው በላይ አይሮጥም። ስለዚህ ሌላ ሀገር ብትሆን ስሟ በየግድግዳው የሚለጠፍላት ልጅ፣ እኛ ጋ አራተኛ ስለወጣች ብቻ ውድድሩን ቤቷ ሆና ታያለች። ዘነበች ቶላ ባህሬን ሄዳ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ስትባል ስንቱ ነው "ገንዘብ ነው" ብሎ የዘጋው። ገንዘቡማ አለ። ሰልፉም ግን አለ።

ወደ ዳርያ ልመለስ። አጀማመሯ የሚያስቅ ነበር። በ2009 ኦበርሆፍ ላይ ተኝታ መተኮስ ሲገባት ቆማ መተኮስ ጀመረች! በዓመቱ ቫንኩቨር ላይ ነሐስ አገኘች። ከዚያ 2014 ሶቺ መጣ። በ15 ኪሎ ሜትሩ ውድድር አንድ ጥይት ሳተች፤ አንድ ደቂቃ ተጨመረባት። ሁለተኛ የወጣችው ስዊዘርላንዳዊቷ ሴሊና ጋስፓሪን አንድም አልሳተችም። ያም ሆኖ ዳርያ ከደቂቃ በላይ ቀድማት ገባች። በቃ፣ እግሯ ነው ያሸነፈው። ከሶቺ ሦስት ወርቅ ይዛ ተመለሰች። ያውም ሩሲያ ምድር ላይ፣ የሩሲያ ሴቶች በባያትሎን አንድም ወርቅ ባላገኙበት ኦሊምፒክ። የዚያን ቀን ኒያጋን ውስጥ የነበሩት አሰልጣኞች ምን ተሰምቷቸው ይሆን?

ቤላሩስ "የቤላሩስ ጀግና" የሚለውን ማዕረግ ሰጠቻት፤ ይህን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ሳይቤሪያ ማደጓ አላገዳትም። ከዚያ ሕመም አንድ የውድድር ዓመት በላባት። በ2016 ኖርዌያዊውን የባያትሎን ንጉሥ ኦሌ አይናር ብዮርንዳለንን አገባች፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ወለደች፣ በየካቲት 2017 ደግሞ ከዓለም ሻምፒዮና ብር ይዛ ወጣች። በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ በቅብብሎሹ የመጨረሻዋ ሯጭ ሆና ለቤላሩስ ወርቅ አስገባች፤ ያን ዓመት በቃኝ አለች።

እኛ ሰፈር ያለውን ነገር የታዘብኩት በፓሪስ ኦሊምፒክ ነው። አዳማ ተወልዳ በ2008 በ15 ዓመቷ በስደት ኔዘርላንድስ የገባችው ሲፋን ሐሰን በማራቶን ከትዕግስት አሰፋ ጋር ተገፋፍታ በሦስት ሰከንድ ቀደመቻት። ኢትዮጵያ ያቀረበችው አቤቱታ ውድቅ ሆነ። አበሻ ቡና ቤት ውስጥ ተሰብስበን ስናይ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ "የኛው ልጅ ናት፣ ምን አገባችሁ" ይላል። ሌላው ጠረጴዛ እየደበደበ "ሀገሯን ሸጣ!" ይላል። ይሄ ጠረጴዛ ደብዳቢ ራሱ ከዓመት በፊት የጀርመን ዜግነቱን ሲያገኝ ጮማ አስቆርጦ የጋበዘን ሰው ነው። እኛ ለሥራና ለመኖሪያ ፓስፖርት ስንቀይር "ተሳካለት" ይባላል። ሯጯ ስትቀይር ክህደት ነው። ለዚያውም ሲፋን ከብሔራዊ ቡድን ተቀንሳ የወጣች አይደለችም። ሩጫውን የያዘችው ኔዘርላንድስ ነው፤ ማንን ነው የከዳችው?

ጀርመኖቹም መላእክት አይደሉም። ለሀገራቸው የሚጫወት የስደተኛ ልጅ ሲሸነፍ የሚሉትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዳርያን ግን እየወደዱ አይዋት ነበር። ለነሱ የውጭ ሰው ናት፤ የማን ናት ብሎ የሚጣላ የለም።

ዳርያ ጡረታ ከወጣች በኋላ ከባሏ ጋር ሆና ቻይናን ለ2022 የቤጂንግ ኦሊምፒክ ስታሰለጥን ቆየች። ሳይቤሪያ የተማረችውን፣ በቤላሩስ ማሊያ ያስመሰከረችውን፣ ለቻይና ልጆች አስተማረች ማለት ነው። በዚያው ዓመት የዩክሬን ጦርነት መጣና ሩሲያና ቤላሩስ ሁለቱም ከዓለም አቀፍ ባያትሎን ታገዱ። ያኔ ኒያጋን ውስጥ ጠመንጃ ያነገተች ታዳጊ ሰልፉ ረዝሞባት ወደ ሚንስክ ብትዞር የምትሮጥበት የዓለም ዋንጫ አልነበረም።